ሚዛናዊ ደብዳቤ

የስፌት መኪናዬ በተገዛች በስድስተኛው ቀን ቀጥ አለች። የዋስትና ወረቀቷ «አንድ ዓመት» ይላል። ባለሱቁ ጋ ስሄድ «እህቴ፣ አትጨቅጭቂኝ፣ ሰኞ ሠራተኛ ልኬ አሠራልሻለሁ» አለኝ። እኔ ደግሞ እንድትቀየርልኝ ነበር የፈለግኩት። የስድሳ ተማሪ ዩኒፎርም ተቀብያለሁ፤ የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነው። ካላደረስኩ ትምህርት ቤቱ ሥራውን ለሌላ ሰፊ ይሰጣል፣ ሁለተኛም አይጠራኝም።

ጎረቤቴ «የሕግ ተማሪዎች ድሃ በነጻ ይረዳሉ» ስትለኝ ቃሏን አላስጨረስኳትም።

የሕግ ድጋፍ ማዕከሉ የዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሦስት ደህና ወንበርና አንድ እግሩ የላላ ወንበር አላት፤ የላላው ለባለጉዳይ ነው። አንዲት ባለመነጽር ተማሪ ተቀብላኝ ዕድሜዬን፣ የትምህርት ደረጃዬን፣ የቤተሰቤን ብዛት መዘገበች። ስለ መኪናዋ የጠየቀችኝ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው።

«አይጨነቁ እናቴ፣ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው» አለችኝ። ሕግ ከኔ ጋር ሆኖ አያውቅምና ደስ አለኝ።

እዚያ ቤት ግን መምህራቸው ሳያርመው ምንም ወረቀት አይወጣም። አንዴ «የግርጌ ማስታወሻ ይጨመር»፣ ሌላ ጊዜ «ሻጩ ምን ሊል እንደሚችል አልታየም» እያለ ደብዳቤውን ሲመልስ ዘጠኝ ቀን ሄደ። በአሥረኛው ቀን ማኅተም ያረፈበት አሥራ አንድ ገጽ ተሰጠኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ለባለሱቁ አቀበልኩት።

ባለሱቁ ማንበብ ሲጀምር ፊቱ ጠቆረ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ፈካ አለ። አምስተኛው ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ገዢዋ መኪናዋን ከአቅሟ በላይ አሠርታት ይሆናል ብዬ መከራከር እንደምችል አላውቅም ነበር» አለኝ።

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«ጠበቆችሽ ናቸዋ። ይኸው፣ ሻጩ ሊያነሳቸው የሚችላቸው መከራከሪያዎች፤ አምስት ናቸው። በተለይ አራተኛው ጠንካራ ነው ይላሉ። እንግዲህ ሠራተኛም አልልክም።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ደሜ ፈልቶ ወደ ምድር ቤቱ ተመለስኩ።

ባለመነጽሯ በፈገግታ ተቀበለችኝ። «እናቴ፣ በደብዳቤው ኤ ነጥብ አገኘን! መምህሩ ሚዛናዊ ነው አለ።»

የሆነውን ነገርኳት። ፈገግታዋ ጠፋ።

«ነጥብ የሚሰጠን ሁለቱንም ወገን ስናሳይ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ልጄ፣ ዳኛ ስትሆኚ ሁለቱንም እዪ። አሁን ግን የማን ነሽ?» አልኳት። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

ከዚያ መምህሩን ሳትጠይቅ አንድ ወረቀት ስባ ሦስት መስመር ጻፈችና ተከትላኝ መጣች። ሰው በሞላበት ሱቅ መሃል ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «መኪናዋ በስድስተኛው ቀን ቆማለች። ዋስትናዋ አንድ ዓመት ነው። እስከ ነገ ካልተቀየረች ክስ እናስገባለን።» ሊገዙ የመጡት ሰዎች የያዙትን ዕቃ እያስቀመጡ ወደ ባለሱቁ ዞሩ።

እሱ ወረቀቱን ተቀብሎ ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ነው።

«የኔ መከራከሪያስ?»

«እሱን የሚጽፍልዎ የራስዎን ጠበቃ ይፈልጉ» አለችው።

መኪናዋ በማግስቱ ተቀየረች። ወገቤ እስኪቆረጥ ሰፍቼ ስድሳውንም በቀኑ አስረከብኩ።

ላመሰግናት ስሄድ መምህሩ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሟል። ለሦስቱ መስመር ሲ ሰጥቷታል። እሷ አንገቷን ደፍታለች። አንጀቴን በላችው፤ ለኔ ስትል ነው ነጥቧ የወረደው።

«እናቴ፣ ይሄ ዛቻ እንጂ የሕግ ጽሑፍ አይባልም» ብሎ በትሕትና አስረዳኝ።

«ይሁን መምህር» አልኩት። «መኪናዬ ግን አሁን ትሰፋለች። በኤው ጊዜ ቆማ ነበር።»