ያልተስማማው ሞተር

«ግትርነቱ ነው የበላው» አለ ለቅሶ የመጣው ጎረቤት ሹፌር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በያጁ ሰማው። የሟች ታላቅ ወንድም ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር አልተነሳም። የሚገባው ሁሉ እጁን ይዞ «እግዜር ያጽናህ» ይለዋል፣ እሱም አንገቱን ይነቀንቃል። ሹፌሩ ለጎኑ ሰው ማስረዳቱን አልተወም፦ በዚያ አሮጌ ፒክአፕ ላይ የጭነት መኪና ሞተር መግጠም የጤና እንዳልነበር፣ ሟች ግን የያዘውን የማይለቅ ሰው እንደነበር።

ሐሰት ነው። ሟች ዝንብ እንኳ እሽ የማይል ሰው ነበር። የፒክአፑ የቤንዚን ሞተር ሲሞት፣ ከተገለበጠ የጭነት መኪና የናፍጣ ሞተር ያመጣለት በያጁ ነው። «ይገባል» አለው።

አልገባም። በያጁ የድሮውን የሞተር መቀመጫ ቆርጦ ሌላ በየደ። ሞተሩ ቁጭ ሲል ከካምቢዮው ጋር አልገናኝ አለ፤ መሃላቸው የሚገባ ወፍራም ብረት አስጠረበ። ራዲያተሩ ቦታ አጣ። ኮፈኑ አልዘጋ ብሎ ተቀደደ። የሽቦውን ነገርማ ባያነሱት ይሻላል። በሦስተኛው ወር ታናሽዬው በዘይት የጨቀየ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ መሬት ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይቅርብን። መኪናዋ አርጅታለች። እኔም ተቀጥሬ ልንዳ።»

በያጁ ተቆጣ። ሃያ ዓመት ብረት ያገጣጠመ እጅ በአንድ ሞተር ሊሸነፍ! ታናሽዬው ተነሥቶ መፍቻውን አነሳ።

ሞተሩ የተነሳ ዕለት ሁለቱ እንደ ልጅ ተቃቀፉ። የመኪናዋ አፍንጫ ግን ከክብደቱ የተነሳ ወደ መሬት አዘቀዘቀ። ፍሬኑ የድሮው ነው፤ ያቺን ቀላል መኪና እንዲይዝ የተሠራ። በያጁ አየው። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሲሚንቶ ጭና ቁልቁለቱን ስትወርድ፣ ፍሬኑ አልያዘም።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ። የሟች ሚስት መጥታ በያጁ አጠገብ ተቀመጠች። የአራት ዓመት ልጇ በአጎቷ በበያጁ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።

«ግትር ነበር ይላሉ» አለች።

«ግትሩ እኔ ነኝ። ይቅርብን ብሎኝ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። እኔም ተወው ብዬው ነበር። ‹ወንድሜን በሰው ፊት ላሳፍረው?› አለኝ።»

እዚህ ላይ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር።

«ፍሬኑ እንደማይችለው አይቻለሁ» አላት። «ቀስ ብለህ ንዳ አልኩት።»

«ለምን እንደሆነ ነገርከው?»

«ሞተሩ እስኪለምድ ነው አልኩት።»

ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ተነስታ አንድ እጇን ከልጅቷ ራስ ሥር፣ ሌላውን ከጉልበቶቿ ሥር አስገባች፤ እንዳትነቃ ተጠንቅቃ ከጭኑ ላይ አነሳቻትና ወደ ውስጠኛው ክፍል ይዛት ገባች። በሩ ተዘጋ።

ሌላ እንግዳ መጥቶ «እግዜር ያጽናህ» ሲለው፣ በያጁ እጁን አልዘረጋም። ባዶ ክንዶቹ ገና ልጅ እንዳቀፉ ነበሩ።