የማማሰያው ጠርዝ

አናጺው ሁለተኛውን የቫርኒሽ ቅብ ሊጀምር ብሩሹን ሲነክር ልጁ ወርክሾፑ በር ላይ ደረሰች።

"አባዬ፣ ይሄ የእማዬ ማማሰያ አይደለም እንዴ?"

"ነው እንጂ። ስትመለስ ደስ ይበላት ብዬ ነው። መክተፊያዋም ያውልሽ፣ መስታወት አስመስዬዋለሁ።"

እውነትም ያበራ ነበር። ሚስቱ እጇ ተሰብሮ እህቷ ጋ ሦስት ሳምንት ስታገግም ቆይታ ዛሬ ከሰዓት ትገባለች። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የሰው ኩሽና ሲያሳምር ኖሮ፣ በገዛ ቤቱ ማንኪያ የት እንደሚቀመጥ እንኳ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ቁም ነገር ልሥራ ብሎ ተነሳ።

ልጅቱ ማማሰያውን አገላብጣ አየችው።

"ጠርዙስ?"

"ተንጋዶ ነበር፣ በመላጊያ አስተካከልኩት።"

"አባዬ፣ እማዬ እኮ ግራኝ ናት። ስንት ዓመት ስታማስልበት ነው በአንድ ወገን ያለቀው። የድስቱን ጥግ ልክክ ብሎ የሚይዘው ለዚያ ነበር። እኔ ስነካው እንኳ 'እጄ እኮ ነው፣ ታበላሺብኛለሽ' ብላ ትነጥቀኛለች። ደግሞ ቫርኒሽ ትኩስ ምግብ ውስጥ ይገባል?"

አናጺው ክው አለ። ጠማማ እንጨት አይቶ ማለፍ አይሆንለትም፤ ሙያው ነው፣ አመሉም ነው።

"ጠፋ ብላትስ?"

"ማማሰያ የሚሰርቅ ሌባ ከየት ታመጣለህ?"

ቫርኒሹን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ፍቆ ነጩ እንጨት እስኪወጣ አለቀቀውም። ከዚያ ልጁ እንዳዘዘችው ሳይዘፈዝፍ አጠበው፣ ፀሐይ ሳያስነካ ጥላ ላይ አደረቀው፣ የተልባ ዘይት ቀብቶ በጨርቅ አሸው። ሽታው ጠፋ። ጠርዙ ግን የተላገ ነው፤ የተላገ አይመለስም።

ሚስቱ ግራ እጇን በፋሻ አንጠልጥላ ገባችና ቀጥታ ወደ ኩሽና አለፈች። ልጅቱ የምስር ሾርባ ጥዳ ነበር። እናትየው ማማሰያውን በቀኟ አንስታ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

"ማን ነካው?"

"እኔ ነኝ" አለ አናጺው። "የተበላሸ መስሎኝ ላግኩት።"

ጠርዙን ደግማ ዳበሰችው። ብትጮህበት በተሻለው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"ሌላ እጅ የለኝም ነበር እኮ" አለች ቀስ ብላ። "ይሄኛው በፋሻ፣ ያኛው በመላጊያ።"

"አዲስ ልሥራልሽ?"

"አዲስማ ይኸው ሠርተህልኛል።"

ልጅቱ ከጎን ሳቋን ዋጠች። ሾርባው ግን ሰው አይጠብቅም፣ ከሥሩ መያዝ ጀምሯል። አናጺው ማማሰያውን ከሚስቱ እጅ ተቀበለና ምድጃው አጠገብ ቆመ።

"ከሥር ከሥር፣ ጥጉን አትርሳ" አለችው።

ሁለት ሦስቴ አዞረና ቆም አለ። ማማሰያውን ወደ ግራ እጁ አዛወረው። እጁ አልታዘዝ አለው፤ ሾርባው ተፈናጥሮ ሸሚዙን አበላሸው።

"ቀኝህ ምን ሆነ?"

"ደህና ነው። በቀኝ ካማሰልኩ ግን በሌላ ወገን ያልቅብሻል።"

 ሚስቱ ቀኝ እጇን ሰደድ አድርጋ እሳቱን ቀነሰችለት።