ብድግ አድርጎ መዝጋት

ሰፈርተኛው ባለቤቴን "ሚሊሜትር" ይለዋል። ባትላሜራ ነው፤ የመኪና ቆርቆሮ ያቃናል፣ የዛገውን ቆርጦ በአዲስ ይተካል። ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ፎቶ ትንሽ ከተንጋደደ ምሳው አይወርድለትም። እንዲህ ጠንቃቃ የሆነ ሰው አንድ የማይገባኝ አመል ነበረው። በእጮኝነታችን ጊዜ ከታክሲ በወረድን ቁጥር በሩን ወደ ላይ ብድግ አድርጎ ይዘጋዋል፤ ሾፌሮቹም በራችንን ልትነቅለው ነው እያሉ ይቆጡታል። እሱ ግን ማድረጉንም አያውቀውም።

የሟች አባቱ መኪና ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማ ነበር። ከላይ ስትታይ ደህና ናት፤ ላዩ አልጋ ውስጡ ቀጋ ማለት ግን እሷ ናት። ከበሮቹ ሥር ያለው ደፍ በጣት ሲጫኑት እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። እናቱ፣ አማቴ፣ የሚገቡበት በር የተንጠለጠለበት ምሰሶም ከታች ተበልቷል። ባለቤቴ የዛገውን በሙሉ ቆርጬ ልተካ ሲል አማቴ እምቢ አሉ።

"ቆርቆሮዋን ሁሉ ከቀየርከው ምኗ የአባትህ ይሆናል?" አሉት።

እንዲሁ ከቆመች ዝገቱ ጨርሶ እንደሚበላት እየነገረ ለመናቸው። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማሙ። ሥራው አልቆ ገብተው ሲቀመጡ የባላቸውን መኪና ካጧት፣ መኪናዋ ትሸጣለች፤ ዳግመኛ ስሟም አይነሳም። ባለቤቴ ቃሉን ሰጠ። ከዚያ ወዲያ ስናወራው በከፊል ነበር የሚሰማኝ።

ሲሠራ ማየት እወዳለሁ፤ ባሌ ስለሆነ አይደለም፣ እንዲያውም ሌላ ሌላው ያናድደኛል። መጀመሪያ በበሮቹ ክፍተት ላይ ወፍራም ብረት አጋድሞ ደገፋት፤ ደፉ ሲቆረጥ አካሏ እንዳይሰምጥ ነው። ከዚያ ንጹሕ ብረት እስኪያገኝ ቆረጠ። በካርቶን ልኩን አወጣ፣ ላሜራውን አጠፈ፣ በመዶሻ ቀስ እያለ ቅርጽ አስያዘው። ዐይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ሲዳብሰው አይቼ "ምነው እኔም ላሜራ በሆንኩ" ስለው፣ "አቀብይኝ ያልኩሽ ብሩሽ የት አለ?" አለኝ። አዲሱን ምሰሶ ለጊዜው ነጥብ ነጥብ በየደና በሩን ሰቀለው፤ ደጋግሞ ከፈተ፣ ደጋግሞ ዘጋ። ተዘግቶ ሲታይ ክፍተቱ ዙሪያውን እኩል ነው። ልክ መሆኑን ካየ በኋላ ብየዳውን ጨረሰ። ቀለሟን ተቀብታ ስትወጣ፣ እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ።

አማቴ በሚመጡበት ቀን መቀመጫውን ልወለውል ገባሁ። ወጥቼ በሩን ገፋ ሳደርገው አልገጠመም፤ ነጥሮ ተመለሰ። ደገምኩት፤ ያው ነው። ባለቤቴን ጠራሁትና መጥቶ አንዴ ሲነካው ጥርቅም አለ። እኔ ስሞክር ነጠረ። እሱ ሲሞክር ገጠመ። ያኔ ነው እጁን ያየሁት።

"ብድግ እያደረግከው ነው" አልኩት።

ክው አለ። ለካ ምሰሶው መበላት የጀመረው እሱ ልጅ ሳለ ኖሯል። በሩ ወደ ታች ስለወረደ፣ እዚያ ቤት ያደገ ሁሉ ሳያነሳ አይዘጋውም ነበር። አሁንም ሲሰቅለውና ሲሞክረው እጁ በለመደው መንገድ አንስቶታል፤ የበየደውም ያንኑ የወረደ በር ነው። ሚሊሜትር ተብዬው ጠመኔ አወጣና የሚቆርጥበትን ሊያሰምር ተንበረከከ። እንደዚያ ሲያፍር አይቼው አላውቅም፤ አሳዘነኝ።

አማቴ ግቢ የገቡት ይሄኔ ነው። ገና አላለቀም፣ ሌላ ቀን አሳይሻለሁ አላቸው። እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው አለፉትና ገብተው ተቀመጡ። ፊት ለፊታቸውን አዩ። ከዚያ ሳያዩት እጃቸውን ዘርግተው እጀታውን ያዙ፤ ብድግ አደረጉት፣ ሳቡት። በሩ ገጠመ።

"እማዬ፣ በሩ ልክ አይደለም" አለ ባለቤቴ። "ወርዷል። ቆርጬ አስተካክለዋለሁ።"

በመስኮቱ ቀና ብለው አዩት። "አባትህ ሲዘጋልኝ የኖረውን በር ልትቆርጥብኝ?" አሉት። "ይልቅ ግባና አስነሳት።"

ጠመኔውን ኪሱ ከተተና ዞሮ ገባ። መኪናዋ ከግቢ ስትወጣ ከኋላ እያየኋት፣ ቃሉን የጠበቀለት ሳያውቀው የሳተው እጁ መሆኑን አሰብኩ፤ ያን እጅ ወደድኩት።

በሩ ዛሬም እንዳለ ነው። አማቴ ሲወርዱ የምዘጋላቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ደግሞ ገበያ ደርሼ ከታክሲ ስወርድ ሾፌሩ አፈጠጠብኝ።

"ሴትዮ፣ በሬን ልትነቅይው ነው እንዴ?"