ከወንበሩ ሥር ያለው ሞላ

በአንድ ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ለጥገና ስጠራ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ራሷ በር ድረስ ወጥታ ጠበቀችኝ።

የትምህርት ቤቱ ግቢ ሰፊ ነው። ሁለት የኳስ ሜዳ አለው፣ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ወደ ቦዩ የሚወርድ ተዳፋት አለው፣ በየመንገዱ ግራና ቀኝም ሣር ነው። ይህን ሁሉ የሚያጭደው አንድ ማሽን ነው፤ እንደ ትንሽ ትራክተር ላዩ ላይ ተቀምጠው የሚነዱት፣ ከሆዱ ሥር ሁለት ስለት የሚሽከረከርበት። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት የነዳውም አንድ ሰው ነው፤ የታላቅ እህቴ ባል።

"ከእንግዲህ አልጠራዎትም፤ ይሄ የመጨረሻው ነው" አለች ኃላፊዋ። "ሁለቴ ሠራሁ ብለዋል፣ ሁለቴም ቆሟል። ደግሞ ዘበኛው ሲሞክረው አይቆምም። እሳቸው ሲነዱት ብቻ ነው የሚቆመው። ሊያርፉ ሲፈልጉ ያጠፉታል እንጂ ሞተሩስ ምንም የለበትም የሚሉ አሉ።"

"እርስዎስ ምን ይላሉ?"

"እኔማ የማየውን ነው የምለው። ዛሬ ማክሰኞ ነው። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ማሽኑን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ። እሳቸው መዝገብ ቤት ይገባሉ፤ ካልተስማማቸውም ጡረታቸውን ይጠይቁ።"

አማቼን ግቢው ሁሉ "ጎተራ" ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት ዘበኛው ነው፤ ሰውዬው ሥራ በጀመረበት ቀን የጥበቃ ቤቱን ወንበር ተቀምጦ እንዳልነበረ ስላደረገበት። ወንበሩ ከተሰበረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ደህና ነው።

ማሽኑን ከዕቃ ቤቱ ፊት አቁሞ፣ አንድ ትንሽ ጀሪካን ውሃ አጠገቡ አድርጎ አገኘሁት።

"መጣህ ዶክተር?" አለኝ። "በሽተኛው ያው ነው። ጠዋት ብቻ ሦስቴ ሞተብኝ።"

"ምን ያህል ከነዳኸው በኋላ?"

"ሰዓት የለውም። አንዳንዴ ገና ሳልጀምር፣ አንዳንዴ ሜዳውን ልጨርስ ስል። ቁልፉን መልሼ ሳዞረው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። እንደ አኩራፊ ሚስት።"

"ሚስትህ እኮ እህቴ ናት፣ ጋሼ።"

"ለዚህ አይደል ላንተ የምነግርህ።"

ከዚያ በፊት የሠራሁትን ልናገር። መጀመሪያ ስመጣ ቤንዚኑን ጠርጥሬ ታንከሩን አጠብኩ፣ ፊልትሮውን ቀየርኩ። በሁለተኛው ካርቡራተሩን ፈትቼ አጸዳሁ፣ ካንዴላውንም በአዲስ ለወጥኩ። ሁለቱንም ጊዜ ዕቃ ቤቱ ውስጥ አስነስቼ፣ የማቆሚያ ፍሬኑን ይዤ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ቆሜ ሰማሁት። አልጠፋም። ሠራሁ ብዬ የሄድኩት በዚህ ነው። የተሳሳትኩት ብቻውን ቆሞ ሲሠራ በመስማቴ ነበር። ሰው ተቀምጦበት፣ ስለቱ ሣር ሲበላ አልሰማሁትም።

በሦስተኛው ቀን ግን መጀመሪያ ላይ ካቻቢቴ እንኳ አላወጣሁም።

"ንዳው" አልኩት፤ "እኔ ከኋላህ እየሰማሁ እመጣለሁ።"

ዘበኛው ከበሩ ሆኖ ጮኸ። "ዛሬ ደግሞ በጸሎት ነው እንዴ የሚሠራው?"

"እሱንም ሳልሞክር አልቀረሁም" አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

አማቼ ስለቱን አስነስቶ ወደ ላይኛው ሜዳ ነዳ። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ አድርጌ በእግሬ ተከተልኩት። ሞተሩ እንደ ልቡ ነበር፤ ረዘም ያለ ሣር ሲያገኝ ትንሽ ይጎረንናል፣ ሲያልፍለት ይቀለዋል። ስድስተኛው ዙር ላይ የኋላ ጎማው ጉድጓድ ረግጦ ማሽኑ ብድግ አለ፤ በዚያው ቅጽበት ድምፁ ጠፋ።

"ይኸው!" አለ አማቼ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ። "አየህ አይደል? እጄ የት ነበር?"

"መሪው ላይ።"

"እሱን ለሴትዮዋ ንገርልኝ።"

እኔ ግን አጠፋፉን ነበር የማስበው። ቤንዚን ያጠረው ሞተር ከመጥፋቱ በፊት ያስላል፤ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይለምናል። የጋለ ሞተር ደግሞ እየከበደው ነው የሚሄደው። ይሄኛው አላሳለም፣ አልከበደውምም። በሙሉ ጉልበቱ እየሠራ ሳለ ቁልፍ እንደ ዞረበት ሁሉ ቀጥ አለ። እንግዲህ ያጣው ነገር የለም፤ የከለከለው እንጂ። አንድ ቦታ ለካንዴላው የሚሄደውን እሳት የሚቆርጥበት ነገር አለ ማለት ነው።

እንዲህ ባለ ማሽን ላይ እሳት የሚቆርጡት ቦታዎች ጥቂት ናቸው። አንዱ ቁልፉ ነው፣ ሌላው የፍሬኑ ፔዳል። ሦስተኛው ከወንበሩ ሥር ነው፤ ወንበሩን የተሸከመ ሞላና ከሞላው ጎን ያለች ትንሽ ስዊች። ሰው ሲቀመጥ ወንበሩ ወርዶ ስዊቿን ይጫናታል። ሰው ሲነሳ ሞላው ወንበሩን ያነሳዋል፣ ስዊቿ ትለቃለች፣ ስለቱ እየዞረ ከሆነም ሞተሩ ያኔውኑ ይጠፋል። ነጂው ቢወድቅ ስለቱ እንዳያገኘው ተብላ የተሠራች ናት።

ወንበሩን ገልብጬ ስዊቿን ነቀልኩና ከሙከራ መብራቴ ጋር አያያዝኳት። ስጫናት ይበራል፣ ስለቃት ይጠፋል። ደህና ናት። ሽቦውን እስከ ቁልፉ ድረስ በጣቴ ተከተልኩት፤ የተላጠ ቦታ የለም። ስዊቿን መልሼ ገጥሜ፣ መብራቱን እንደተያያዘ ትቼ፣ ራሴ ተቀመጥኩ። በራ። እንደ ሕፃን ተወዛወዝኩ፣ ዘለልኩበት፤ መብራቱ ንቅንቅ አላለም። ዘበኛውን ጠርቼ አስቀመጥኩት። በራ።

"አሁን አንተ" አልኩት አማቼን።

ተቀመጠ። በራ።

"እስቲ ተወዛወዝ።"

ሲወዛወዝ መብራቱ በራ ጠፋ፣ በራ ጠፋ አለ።

"ኧረ ጎተራ፣ ወንበሩም ጠላህ!" አለ ዘበኛው።

ቀና ብዬ አማቼን አየሁት። ሰፊ የሥራ ቱታ ነው የሚለብሰው። ከላዩ የታጠቀው ቀበቶ ቀዳዳው ሁሉ አልቆ፣ በምስማር በተበሳ ሌላ ቀዳዳ ተይዟል፤ ትርፉ ዞሮ ጀርባው ላይ ደርሷል። አንገቱና የሸሚዙ ኮሌታ አይተዋወቁም። በየሳምንቱ እሁድ ቤቱ ሄጄ አብሬው እበላለሁ። አላየሁም ነበር። ስሙም ሳያሳስተኝ አልቀረም።

ዘበኛውን አመስግኜ ወደ በሩ መለስኩት፤ መብራቱንም አላቀቅኩ። ከዕቃ ቤቱ ሃያ አምስት ኪሎ የሣር ዘር የያዘ ጆንያ ጎትቼ አወጣሁና "ይሄን ጭንህ ላይ አድርገህ ንዳ" አልኩት አማቼን። ምንም ሳይጠይቅ ተቀበለኝ። የላይኛውን ሜዳ ከዳር እስከ ዳር አጨደ። ያቺን ጉድጓድ አራት ጊዜ እንዲረግጣት አደረግሁት። ሞተሩ አልጠፋም።

ተመልሶ መጥቶ ራሱ አጠፋው። ጆንያውን ግን አላወረደም፤ የሰው ልጅ አደራ እንደተሰጠው ሰው አቅፎት ተቀመጠ።

"ገባኝ" አለ።

"ስንት ኪሎ ቀነስክ?"

"ሚዛን ላይ አልወጣሁም።"

"እትዬ ታውቃለች?"

"ሱሪዬን የምታጠብበው ማን ሆነና? አራት ጊዜ አጥብባለች። ለማንም እንዳትናገር አስምያታለሁ። በተለይ ላንተ።"

"ለምን በተለይ ለእኔ?"

"ሌላው ሰው ሰምቶ ዝም ይላል። አንተ ከሰማህ መፍታት ትጀምራለህ።"

ጀሪካኑን አንስቶ ጠጣ። እኔ ከመጣሁ ወዲህ ግማሹን ጨርሶታል።

"ሐኪም ቤትስ?"

"ሐኪም ቤት ከሄድኩ ይጻፍልኛል። ከተጻፈ ወረቀቱ የሴትዮዋ ጠረጴዛ ላይ ነው። 'ታሟል' ብላ ታወርደኛለች። መዝገብ ቤት ገብቼ ምን ልሠራ ነው? ማኅተም ልመታ?" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሁለቱን ሽቦ አገናኝልኝ። ስዊቿ ትቅር። ፒንሳ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ አምስት ደቂቃ። አድርገህ ታውቃለህ።"

አድርጌ አውቃለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት ለአንድ የችግኝ ጣቢያ ባለቤት ሠርቼለታለሁ። ሰውዬው ምንም አልደረሰበትም፤ እኔ ግን ያቺን ሽቦ እስካሁን በጸሎቴ አነሳታለሁ።

"አላደርገውም" አልኩት።

"እሺ፣ ጆንያውን ከወንበሩ ጋር ልሰረው። ጆንያ ማሰር ክልክል ነው?" ሳቀ። "ሁለተኛ ሚስት አገባ ብለው ያሙኝ።"

"ጋሼ፣ አንተ ብትወድቅ ጆንያው አይወድቅም። ስለቱም አይቆምም።"

ሳቁ ቆመ። በአገጩ ወደ ተዳፋቱ አመለከተ።

"ባለፈው ሐሙስ" አለ፤ "እዚያ ታች ዓይኔ ጨለመብኝ። መሪውን እንደያዝኩ ወደ ጎን ተንሸራተትኩ። ስነቃ ሣሩ ላይ ተዘርግቻለሁ። ማሽኑ አጠገቤ ጠፍቶ ቆሟል። ታዲያ ምን አልኩት መሰለህ? ሰደብኩት። 'ዛሬም ጠፋህ?' ብዬ።"

በሆዴ አመሰገንኩና ፒንሳዬን ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ።

"ሐኪሙ 'ንዳ' ካለህ" አልኩት፣ "ሞላውን አሁን ባለህ ክብደት ልክ አስተካክልልሃለሁ። ሞላ ነው፤ ይላላል፣ ይጠብቃል። ሐኪሙ ካላለህ ግን አልነካውም።"

"እስከዚያ ለሴትዮዋ ምን ትላታለህ?"

"ማሽኑ ደህና ነው እላታለሁ። እውነቱ እሱ ነው።"

"እንዲያ ካልካት እኮ አጥፊው እኔ ሆንኩ።"

"አዎ። የቀረውን መናገር የእኔ አይደለም። ያንተ ነው።"

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣም። ከማሽኑ ወረደ፣ ጆንያውን ላግዝህ ስለው "ተው" ብሎ ራሱ ተሸክሞ ዕቃ ቤት አስገባው። ሁለት ጊዜ አረፈበት። ከዚያ ቁልፉን ነቅሎ ወደ ቢሮው ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

ኃላፊዋ ጠረጴዛዋ ላይ የወንበርና የመስኮት ጥገና ጥያቄዎች ከምራ ትፈርማለች። አማቼ እኔን ሳይጠብቅ ቁልፉን ፊቷ አስቀመጠ።

"ማሽኑ ደህና ነው፣ አለቃ። የሚያጠፋውም እኔው ነኝ" አለ። "በእጄ ግን አይደለም። ከስቻለሁ። መቀመጤን ወንበሩ አያውቀውም። ነገ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ከዚያ መዝገብ ቤት ካሉኝም እገባለሁ።"

መነጽሯን አውልቃ አየችው። ከላይ እስከ ታች፣ እንደገና ከታች እስከ ላይ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች።

"ዝናቡ ከመግባቱ በፊት።"

"አራት ወር!" አለች፤ የምትቆጣው እሱን ይሁን ራሷን አልታወቀኝም። ቁልፉን አንስታ መሳቢያዋ ውስጥ ጨመረችው። "ለማንም አልሰጠውም። ግን ሁለት ሳምንት ነው። ከዚያ በላይ እኔ ብጠብቅ ሣሩ አይጠብቅም።"

ሐኪም ቤት የወሰደችው እህቴ ናት። ሐኪሙ ክብደቱ መቀነስ የጀመረው መቼ እንደሆነ ሲጠይቀው "ሰሞኑን ነው" ብሎ ጀመረ። እህቴ ከቦርሳዋ የልብስ ልክ የምትጽፍበትን ደብተር አወጣችና የወገቡን ልክ ከነቀኑ አነበበችው፤ አራት መስመር ነው።

"ማልሽልኝ እኮ!" አላት።

"ላልናገር ነው የማልኩት" አለችው። "ላላነብ አልማልኩም።"

ስኳር ነው። ሐኪሙ በደሙ ውስጥ ያለውን መጠን ሁለት ጊዜ አስለካ። መርፌ ታዘዘለት፣ የሚበላበት ሰዓት ተጻፈለት፣ ጀሪካኑም ሳይጎድል መዋል ጀመረ፤ ማለቴ ጥሙ ቀነሰለት። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። በሁለተኛው መርፌውን ራሱ መውጋት ለመደ፤ እህቴም ደብተሯ ላይ አዲስ መስመር ጀመረች።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ወረቀት ይዞ መጣ። መንዳት ይችላል ይላል፤ ቁርስ ሳይበላ እንዳይነዳ፣ ተዳፋት ላይም ለብቻው እንዳይወጣ ይላል። ሦስት ኪሎ ጨምሯል። ሣሩ ቁርጭምጭሚት አልፎ ነበር።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ወንበሩን ገልብጬ የሞላውን ብሎን ሩብ ሩብ ዙር እያልኩ አላላሁ፤ በየመሀሉ እሱን አስቀምጬ፣ አወዛውዤ፣ መብራቱን አየሁ። ከቸኮልክ ሞላው ከልክ በላይ ይላላና ባዶ ወንበር ለስዊቿ ሰው ይመስላታል። ሰባተኛው ላይ መብራቱ ረጋ። መብራቱን ነቅዬ የስዊቿን ሽቦ መለስኩ።

ኃላፊዋና ዘበኛው መጥተው ቆሙ። አማቼ ቁልፉን አዞረ፣ ስለቱን አስነሳ። ሞተሩ ሙሉ ድምፁን ሰጠ።

"አሁን ከወንበሩ ተነሳ" አልኩት።

"ምን አልክ?"

"ስለቱ እየዞረ ብድግ በል። መሪውን እንደያዝክ።"

ብድግ አለ። ሞተሩ ቀጥ አለ።

"ውይ!" አለች ኃላፊዋ። "ያው ነው እኮ! አልተሠራም።"

"ተሠርቷል" አልኳት።

አማቼ ተመልሶ ተቀመጠ፣ አስነሳው፣ ወደ ላይኛው ሜዳ ነዳ። በጉድጓዷ ላይ ሲያልፍ ሁላችንም ሰማን፤ ድምፁ አልተቋረጠም። ተዳፋቱን ለነገ ተወው፤ ዘበኛው አብሮት ሊወርድ ቃል ገብቷል።