ሦስተኛው ሴንሰር

ዕቃ ሲዋሽ በምን ይታወቃል? ሰው ሲዋሽ ዓይኑን አይቼ አውቃለሁ፤ ሕፃን ሲዋሽ ከንፈሩን አይቼ አውቃለሁ። ቧንቧ ላይ ተሰክቶ ቁጥር ብቻ የሚናገር ብረት ግን ዓይን የለው፣ ከንፈር የለው። ይህን እያሰብኩ ከረምኩ፤ እስከ ዛሬም መልሱን አላገኘሁም።

የልጅ ልጄ ጧሂር አል ዐይን ውስጥ አንድ ትልቅ ላውንድሪ ነው የሚሠራው። የየሆቴሉ አንሶላና ፎጣ በመኪና እየተጫነ ይመጣና እዚያ ይታጠባል፣ በእንፋሎት ይተኮሳል። እንፋሎቱን የሚያፈላው ቦይለር የሚሉት ነገር ነው፤ ከሳሎናችን የሚበልጥ የብረት በርሜል ነው ይለኛል። ጧሂር የዚያ ቦይለር ጠጋኝ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የተወለደውም የተማረውም እዚሁ ነው። እናቱ፣ ልጄ ሰቢሃ፣ አል ሻምኻ ሰው ቤት ስለምትሠራ የምትመጣልን በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። አል ጃሂሊ ካለችው ሁለት ክፍል ቤት ሆኜ እሱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። መጠበቅ ስል መፍራት ማለቴ ነው። አምቡላንስ በጮኸ ቁጥር እደውላለሁ።

«እማማ፣ አለሁ» ይለኛል ገና አፌን ሳልከፍት። «አምቡላንሱ የኔ አይደለም።»

ነገሩ የጀመረው የቦይለሩ ግፊት መለኪያ መቀባጠር ሲያበዛ ነው። ሴንሰር ይሉታል፤ አውራ ጣት የሚያህል ብረት ነው። እንፋሎቱ በርሜሉ ውስጥ ምን ያህል እንደተጨናነቀ ይለካና እሳቱን ያስጠፋል ወይም ያስነድዳል። አሮጌው ጠዋት ግፊቱን ሰባት ይላል፣ ከሰዓት ምንም ሳይቀየር ስምንት ተኩል ይላል። ስለማያምኑት፣ እንፋሎት እንዳያንሰን ብለው ከሚያስፈልገው በላይ ያፈላሉ፤ የተረፈው በላይኛው ማስተንፈሻ ቫልቭ እየፏጨ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ናፍጣው የሚነደው ለሰማይ ነው። በመጨረሻ ሙዲሩ፣ አለቃቸው ማለት ነው፣ ጧሂርን ጠርቶ «አንተ ምረጥና ጽፈህ ፈርምበት» አለው። ፈርምበት የምትለዋን ቃል እኔ አልወደድኳትም።

ሐሙስ ዕለት ከየሻጩ ለናሙና የሰጡትን ሦስት ሴንሰር በካርቶን ይዞ መጣ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሐምዛ ለምሳ መጣ። ሐምዛ ቦይለሩን የሚያቀጣጥለው ነው፤ የደሴ ልጅ፣ ሆዱ ከበር ቀድሞ የሚገባ፣ ሳቂታ ሰው።

«እማማ፣ ይሄ ልጅሽ ሚስት ቢመርጥ እንኳ እንዲህ አይጨነቅም» አለኝ ወረቀቱን ሁሉ ምንጣፉ ላይ ተበትኖ ሲያየው።

«ሚስት ብትዋሸኝ ሽማግሌ አለ» አለ ጧሂር ቀና ሳይል። «ይሄ ቢዋሽ አጠገቡ የምትቆመው አንተ ነህ።»

«እኔማ እሮጣለሁ።»

«በዚህ ሆድ?»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። «ቢዋሽ ምን ይሆናል?» አልኩ። ጧሂር ወረቀቱን አስቀመጠ።

«ምንም አይሆንም እማማ። ከላይ የደህንነት ቫልቭ አለ፤ ግፊቱ ሲበዛ ራሱ ይከፈታል።»

«እሱ ካለ ይሄ ለምን አስፈለገ?»

«እሱ የመጨረሻው ነው። የመጨረሻ ነገርሽን በየቀኑ አትጠቀሚበትም።»

መልሱ ደስ አለኝ። አጠገቤ ተቀምጦ ሦስቱንም አስረዳኝ። የመጀመሪያው እስከ አርባ ድረስ ይለካል፤ የነሱ ቦይለር ግን ከአሥር አያልፍም።

«በከብት ሚዛን በርበሬ እንደመመዘን በለኛ» አልኩት።

«ኤግዛክትሊ! እማማን ኢንጂነር አድርጓት!» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ሙዲሩ የሚፈልገው ግን እሱኑ ነበር፤ ርካሽ ነው፣ ደግሞ ዛሬውኑ ይገኛል። ሁለተኛው ልኩ ደህና ነው፤ ነገር ግን ለሙቀት አልተሠራም። ነሐሴ ላይ የቦይለሩን ክፍል እጀታ በጨርቅ ነው የምንይዘው አለኝ። ሦስተኛው እስከ አሥራ ስድስት ይለካል፣ ሁለመናው የማይዝግ ብረት ነው፣ የተፈተነበት የራሱ ወረቀት በራሱ ቁጥር አብሮት አለ።

«ይሄ እውነቱን ከነገረን ሰባት ላይ እናቆመዋለን። ቫልቩ መፏጨቱን ይተዋል። ናፍጣውም ለሥራ ብቻ ይነድዳል። ሐምዛም ሳይሰጋ ይውላል።»

«አሜን በል» አልኩት ሐምዛን።

«አሜን! ብቻ ሙዲሩን ማን ያሳምነዋል?»

ጧሂር በዚያው ስልኩን አንስቶ ደወለ፤ በዐረብኛ ግማሽ ሰዓት ተከራከረ፤ ፊቱ ቀላ፣ ድምፁ ግን አልከፋም። ሙዲሩን እሺ አሰኝቶ ሲጨርስ ወረቀቱ ላይ ሦስተኛውን ጽፎ ስሙን ፈረመ። እኔ እዚያ ስም ላይ ዱዓ አደረግሁ።

ቅዳሜ እሱ ሥራ ሄደ፤ ሴንሰሮቹ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ። እኔ ደግሞ ያደረ ነገር ሳላጸዳ መቀመጥ አልችልም። አቡ ዳቢ፣ አል ካራማ፣ አንዲት ማዳም ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። እየፏጨ የሚያበስል የእንፋሎት ድስት ነበራቸው። ገና በገባሁ ሳምንት ማዳም ክዳኑን ይዛ፣ ከላዩ ያለችውን ቀዳዳ አሳየችኝ፤ በየቀኑ በመርፌ ካልከፈትሻት ይህ ቤት ይፈነዳል አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አልዘለልኩም። የጎረቤቱ ሠራተኛ ፊቷን ስትቃጠል የኔ ድስት አንድ ቀን አላስደነገጠኝም።

የተመረጠውን ሴንሰር አነሣሁት። አፉ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ጧሂር ሲሞክረው የጠቀለለበት የቧንቧ ክር ብጣሽ ይሁን ምን፣ ነጭ ነገር ወትፎታል። ልጄ ሁለት ቀን ሙሉ ወረቀት ሲያነብ ቀዳዳውን አላየም አልኩ። መርፌ አመጣሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ አስገባሁ። ነጩ ወጣ። ከዚያ ጫፏ አንድ ነገር ነካች፤ ትንሽ እንደመለመጥ አለ። ቆሻሻ ቀርቷል ብዬ አንዴ ደገምኩት። በጨርቅ አብሼ፣ እፍ ብዬ፣ ወደ ሣጥኑ መለስኩት። ምን ብዬ ልንገረው? ሸሚዙን ሳጥብ እነግረዋለሁ እንዴ? ያን ቀን ምሳዬን በደንብ በላሁ።

እሑድ ላውንድሪው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዝግ ስለሆነ ጧሂር ሊገጥመው ማልዶ ሄደ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ሲመጣ እያፏጨ ነው የገባው፤ የፈታውን አሮጌ ሴንሰር ካርቶኑ ውስጥ ጣለው።

«ኸላስ፣ አለቀ እማማ! ገጠምኩት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐምዛ ያቀጣጥላል፤ እኔም እሄድና ቁጥሩን አያለሁ።»

ሩዙን አቀረብኩለት። «እንዴት ነው? እውነተኛ ነው?»

«እውነተኛ ነው። ግፊት ሳይኖር ባዶውን ሳየው ቁጥሩ ከዜሮ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ነበር። ከሙቀቱ ነው ብዬ ቁልፉን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ዜሮ ላይ አስተካከልኩት።»

እኔ ምስጋናዬን ፈለግሁ። «ቀዳዳውስ? ንጹሕ ነበር?»

«ንጹሕ ነው። ደግሞ ቀዳዳውን ማንም አይነካውም እማማ፤ ከውስጡ ስስ ብረት አለች፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የማትወፍር። እንፋሎቱ እሷን ሲገፋት ነው የሚለካው። ጥፍር እንኳ ቢነካት አለቀላት። ባዶ ላይ ደህና ትመስልሻለች፤ ግፊቱ ሲጨምር ግን ዘጠኙን ሰባት ትልሻለች።» ይህን ብሎ ሰላጣውን ወደ ራሱ ሳበ።

ጭልፋው እጄ ላይ ቀረ። ሰዓቱን አየሁ፤ ለስምንት አሥር ጉዳይ ነው። ዝም ልበል አልኩ። እውነቱን እናገራለሁ፣ ዝም ልል ነበር። ቫልቩ አለ፣ የመጨረሻው አለ አልኩ። ሙዲሩ ፊት ቆሞ አያቴ በመርፌ ወጋችው ሲል ታየኝ፤ ሰዎቹ ሲስቁበት ታየኝ። ያንን ሁሉ ተከራክሮ፣ ስሙን ጽፎ። ውሃ ቀዳሁለት። ብርጭቆውን ሳስቀምጥ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«እማማ፣ አመመሽ እንዴ?»

«ማዳም ቤት የእንፋሎት ድስት ነበር» አልኩት።

«ደግሞ ማዳምን አመጣሻት?» ሳቀ። «ከሷ ሥራ ከወጣሽ አሥር ዓመትሽ ነው እኮ፤ እሷ ግን ከዚህ ቤት አልወጣችም።»

«ዝም በልና ስማኝ፣ የኔ አባት። ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ነበረው። በየቀኑ በመርፌ እከፍተው ነበር።»

«እሺ።»

«ቅዳሜ ያንንም ከፈትኩት።»

ማኘኩን አቆመ። «ምኑን?»

«ሴንሰሩን። ነጭ ነገር ነበረበት። የሚፈነዳብህ መስሎኝ ነው፣ ወላሂ፣ የሚፈነዳብህ መስሎኝ። ሁለት ጊዜ አስገባሁት።»

«የትኛውን?»

«የመረጥከውን።»

እንዲጮህብኝ ጠበቅሁ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ዓይኑ ከኔ ፊት ወርዶ የራሱ ቀኝ እጅ ላይ አረፈ፤ በሩዝ የተቀባውን አውራ ጣቱን ያየዋል። «ፈቀቅ ብሎ ነበር» አለ ቀስ ብሎ፤ ለኔ አልነበረም። «ፈቀቅ ብሎ አይቼዋለሁ።»

ስልኩን አንስቶ ደወለ። እኔም ጥሪውን ከዚያ ማዶ እሰማዋለሁ፤ ይጠራል፣ ይጠራል። ሐምዛ ቀድሞ ገብቶ ቦይለሩን ሲያሰናዳ ስልኩን ልብስ መቀየሪያው ክፍል ይተወዋል። ሁለተኛ ደወለ። ይጠራል።

«ጧሂርዬ፣ እኔው ልንገራቸው። እኔ ነኝ በላቸው፤ ውሰደኝና እዚያው ሰውየው ፊት ልናገር። ያን ርካሹንም ቢሆን ግጠመው፤ ዛሬ ብቻ። ወይ ዛሬ ይቅር፤ አንሶላው አንድ ቀን ሳይተኮስ ቢያድር ማን ይሞታል?»

ተነሣ። ሁልጊዜ ሳይታጠብ ከማዕድ የማይነሣ ልጅ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። አሮጌውን ሴንሰር ከካርቶኑ ውስጥ ፈልጎ ኪሱ ከተተው፣ የመኪናውን ቁልፍ አነሣ። በሩ ጋ ጫማውን ሲያጠልቅ አንዱ ተረከዝ እንቢ አለው፤ ጎንበስ ብዬ ላስገባለት ስል እግሩን ቀስ አድርጎ ከእጄ አወጣ፤ እንደረገጠው ወጣ።