ቲሊ ወደ ግራ ስትጎትት

ቲሊ ወደ ግራ ጎተተች። የውሻዋ ባለቤት ሄርሼል ባጌት ወደ ቀኝ ጎተታት። ገመዱ በመካከላቸው ተወጥሮ ጥቂት ቆየ። ሄርሼል ዘጠና ስድስት ኪሎ፣ ቲሊ አሥራ ስምንት ኪሎ ስለሆኑ ክርክሩ በሄርሼል አሸናፊነት ተዘጋ።

"ወደ ጅረቱ ነው አልኩህ እኮ!" አለ ደዊት ከኋላ፣ ከወረቀት ከረጢት የተቀቀለ ኦቾሎኒ እያወጣ እየፈለፈለ። "የቆሰለ አጋዘን ወደ ውኃ ነው የሚሄደው። ይሄን ሕፃንም ያውቀዋል።"

"ሕፃኑ ለአጋዘኑ ነግሮታል?" አለች እህቱ ትዋይላ።

አጋዘኑን የመታችው እሷ ናት። ትናንት ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሥራዋን ጨርሳ፣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ጥዱ መሀል ያለው ማማ ላይ ወጣች። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ጥይት ተኮሰች። አጋዘኑ ዘለለ፣ ከዛፎቹ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። እስከዚህ ድረስ የሠራችው ሁሉ ትክክል ነበር። ከዚያ ግን ወንድሟ ጋ ደወለች።

ደዊት አራት የአጎት ልጆች፣ አምስት ባትሪና ሁለት ጥቅል ሶፍት ይዞ ደረሰ። ደም ባየ ቁጥር አጠገቡ ያለ ቁጥቋጦ ላይ ሶፍት እየሰቀለ እስከ ጅረቱ ወረደ። ጠዋት ሲታይ ጫካው ሠርግ የተደገሰበት ይመስል ነበር። ሙሽራው ግን የለም።

ሄርሼል ሰዓቱን አየ። ሦስት ሰዓት ከሩብ። ከአምስት ደቂቃ በፊትም አይቶት ነበር። በስድስት ሰዓት መርል እዚህ ድረስ ይመጣና ቲሊን ይወስዳታል። መርል ዶሮ አርቢ ነው፤ ውሻ የሚፈልገው ቀበሮ እንድታባርርለት ነው። ሄርሼል ትናንት በስልክ ቃሉን ሰጥቶታል። ትዋይላ ማታ ደውላ "እባክዎ ጋሽ ሄርሼል፣ ይምጡልኝ" ባትለው ኖሮ ዛሬ ከቤቱም አይወጣም ነበር። እምቢ ማለት አልቻለም፤ ሟች ባሏ መትቶ የጠፉበትን አጋዘኖች በውሻ ሲፈልግ የኖረው እሱ ነው። ይቺን አንዲት ሥራ ሠርታ ትሂድ ብሎ መጣ።

ለትዋይላ ባል አጋዘን ይፈልግ የነበረው ግን ቲሊ ሳትሆን የቀድሞው ውሻው ዲክን ነበር። ዲክን በአሥራ አንድ ዓመቱ ከመቶ በላይ የቆሰሉ አጋዘኖች አግኝቶ፣ ባለፈው ሚያዝያ በረንዳው ላይ ተኝቶ ሞተ። ቲሊ የእሱ ምትክ ናት። ጆሮዋ የደህና አዳኝ ዝርያ ነው፤ እግሯን ከማን እንደወሰደች አይታወቅም። በዚህ ወቅት ሦስት ጊዜ ተጠርታ ሦስቱንም ጊዜ ባዶ እጇን ተመለሰች።

ነዳጅ ማደያው ውስጥ፣ ኦቾሎኒው ከሚቀቀልበት ድስት ዙሪያ የሚቀመጡት ሰዎች ስለ ውሻ የማያውቁት ነገር የለም። አንዱ የአጋዘን ውሻ አፍንጫው ነው ይላል፣ ሌላው ትዕግሥቱ ነው ይላል። ሁሉም የተስማሙበት ግን ላንቃ ነው፤ ላንቃው ጥቁር የሆነ ውሻ አይሳሳትም። የቲሊን አፍ ከፍተው አዩ። ላንቃዋ እንደ ሕፃን ተረከዝ ሮዝ ነው። በዚያው ፍርዱ አለቀ። የዲክን ላንቃ ምን ዓይነት እንደነበር የጠየቀ የለም፤ ዲክን ይናከስ ስለነበር ማንም አላየውም። ሄርሼልም "አፍንጫዋ ደንቁሯል" ብሎ ከእነሱ ጋር ሳቀ። ያን ቀን ኦቾሎኒው አልጣመውም።

"ይሄውና!" ደዊት ጎንበስ ብሎ አንድ ቅጠል ጠቆመ። "ደም! ውሻህ አልፋው ሄደች እኮ! አስጠግተህ ብታስሸታት እንኳ ምንም አይመስላት።"

ቅጠሉ ላይ በእርግጥ ደም አለ። ሄርሼል ቲሊን ወደዚያ አቀረባት። አንዴ አሸተተችው፣ ከዚያ አንገቷን መልሳ ከመጡበት በኩል ያለውን ዳገት አየች። ገመዱን ሲስብባት ቅጠሉ ላይ ተኛች።

"ተኛች" አለ ደዊት። "ሥራ ጨርሳ ነው?"

"ዝም በል ደዊት" አለች ትዋይላ።

"እኔ ምን አልኩ? ድሮን ያለውን ልጅ ጥሩት ብዬ ነበር። ድሮን ደግሞ አይተኛም።"

ሄርሼል አንስቶ አቆማት። የአንገቱ ጀርባ ሲሞቅ ተሰማው። በሶፍቶቹ ሥር ለሥር ወረዱ፤ ቲሊ በየአሥር እርምጃው ወደ ግራ፣ እሱ በየአሥር እርምጃው ወደ ቀኝ። ጅረቱ ዳር ደረሱ። የመጨረሻው ሶፍት እዚያ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ውኃውን ተሻግረው አዩ፤ ምንም። ፀሐይዋ ጀርባቸው ላይ ወጣች። እንዲህ ከሞቀ ሥጋው እስከ ቀትር አይቆይም።

"ይቅር በይኝ ትዋይላ" አለ ሄርሼል። "ውሻዋ አትችልም። ለመርል ሰጥቻታለሁ፤ ዛሬ ይወስዳታል።"

"ዶሮ ልትጠብቅ?" አለች ትዋይላ። ቲሊን አየቻት። "ምነው፣ ምን አጠፋች?"

ሄርሼል የመጨረሻውን ደም ለማየት ተንበረከከ። እጁን ሥራ ለማስያዝ ያህል ነበር። ቅጠሉን አነሳው፣ መልሶ አስቀመጠው። ቀጥሎ ያለውን አየ። ከዚያ ተነስቶ፣ ቲሊን ሳይጎትት፣ ሦስት ሶፍት ወደ ኋላ ተመለሰ። በእያንዳንዱ ቦታ ሣሩን በጣቶቹ እየለየ አየ።

ጎኑን የተመታ አጋዘን በሰው ወገብ ቁመት ላይ ነው የሚደማው። ሲያልፍ የሣሩን ጎን፣ የቁጥቋጦውን ቅርንጫፍ ይቀባል። እዚህ ግን ሣሩ ንጹሕ ነው። ደሙ ያለው መሬት ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ጠብ ያለ ሳይሆን የተለጠፈ።

"ደዊት፣ እግርህን አንሳ እስቲ።"

"ምን?"

"እግርህን። እንደ ፈረስ።"

ደዊት ኦቾሎኒውን ይዞ አንድ እግሩን አነሳ። ጫማው ባለ ጥልቅ ጥርስ የአደን ቦት ነው። በጥርሶቹ መካከል ከጭቃው ጋር ጥቁር ቡኒ የሆነ ነገር ደርቋል።

"ማታ መጀመሪያ ደም ያየኸው የት ነው?"

"ማማው ሥር። ብዙ ነበር እኮ። እዚያው ቆመን ተማከርን።"

"አምስታችሁም?"

"አምስታችንም።"

ትዋይላ የወንድሟን ጫማ አየች፤ ከዚያ ወደ ማማው ሽቅብ የሚወጣውን የሶፍት ሰልፍ አየች።

"ደዊት" አለች ቀስ ብላ። "ማታውን ሙሉ የራስህን እግር ስትከታተል ነው ያመሸኸው?"

"ጤዛ ነበር..." አለ ደዊት። እግሩን አወረደ።

ሄርሼል አልሳቀም። ባለፈው ቅዳሜ ግሬዲ የሚባለው አናጢ ጋ፣ ኩሬው አጠገብ የሆነው ነበር ትዝ ያለው። ቲሊ ወደ ግራ ጎተተች። ግሬዲ "እኔ በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ወደ ቀኝ ነው የሄደው" አለ። ሄርሼል ወደ ቀኝ ጎተታት። ከዚያ በፊት የነበረውንም አስታወሰ። የመጀመሪያውን ማስታወስ አልፈለገም፤ ግን መጣበት።

እጁ ውስጥ ያለው ገመድ የዲክን ነው፤ አሥር ሜትር ርዝመት አለው። ዲክን በሙሉ ርዝመቱ ይሠራበት ነበር። ለቲሊ ግን ወጣት ናት፣ ትስታለች ብሎ ሦስተኛው ሜትር ላይ በጠንካራ ቋጠሮ አሳጥሮታል። ከዚያ ያለፈ ሄዳ አታውቅም።

ማማው ሥር ሲመለሱ መሬት ላይ ተቀምጦ ቋጠሮውን ይፈታ ጀመር። ዝናብና ፀሐይ አጥብቆታል። በጥፍሩ እምቢ ሲለው በጥርሱ ያዘው።

"ቢላ ልስጥህ?" አለ ደዊት።

"አይቆረጥም።"

ተፈታ። ሄርሼል ተነስቶ ገመዱን መሬት ላይ ለቀቀው፤ የያዘው ጫፉን ብቻ ነው። ምንም አላላትም። ቲሊ ዞራ አየችው፣ መጎተቱን የምትጠብቅ መሰለች። ሳይመጣ ሲቀር ወደ ግራ ዞረች።

ወደ ዳገቱ ወጣች። ከውኃው ተቃራኒ፣ ደም የሚባል ነገር በሌለበት። አጋዘን ሲሄድ ከሰኮናው መሀል የራሱን ሽታ መሬት ላይ ይጥላል፤ እያንዳንዱም የየራሱ አለው። ደሙ ቢቆምም እሱ አይቆምም። ሄርሼል ይሄን ድሮም ያውቅ ነበር። ማወቁ ሦስቱንም ጊዜ ከመጎተት አላዳነውም።

አንድ የበሰበሰ ጉቶ ጋ ደርሳ ዞረችው። እንደገና ዞረችው።

"ጠፋት" አለ ደዊት።

የሄርሼል እጅ ገመዱን ጨበጠ። አይስብም፤ ግን ጨብጧል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረበት። ሦስተኛውን ዙር ስትጀምር ሰዓቱን ለማየት እጁን አነሳ፣ ሳያየው መልሶ አወረደው። ትዋይላ አጠገቡ ቆማ የሽርጧን ጫፍ እያፍተለተለች ነው።

ቲሊ ከጉቶው ወጥታ ቀጥ ብላ ሄደች። ሠላሳ እርምጃ። ሃምሳ። ከዚያ ሄርሼል አንዲት ትንሽ ጥድ አጠገብ ቆመ። ግንዷ ላይ፣ ልክ ወገቡ ቁመት ላይ፣ የጣት ስፋት ያለው የደረቀ ደም አለ። አላስቆማትም። ትዋይላም አየችው፤ አፏን በእጇ ያዘች።

አጋዘኑ ዳገቱ አናት ላይ፣ ንፋስ የጣለው ትልቅ ጥድ ሥር፣ ጥላው ውስጥ ወድቋል። ቀንዱ ስምንት ጫፍ አለው። ማታውን ብርድ ስለነበረ ሥጋው አልተበላሸም፤ ቀበሮም አላገኘውም። ቲሊ አልጮኸችም። አገጯን አጋዘኑ ጎን ላይ አሳርፋ ተኛች፤ ቅድም ቅጠሉ ላይ እንደተኛችው ነበር። የዚህኛውን ምክንያት ግን ሁሉም አወቀው።

ደዊት ኦቾሎኒውን ኪሱ ውስጥ ከተተ። "እኔ እኮ ወደ ላይም ሊሄድ ይችላል ብዬ ነበር" አለ።

"አንድ እግሩን ያዝ" አለች ትዋይላ።

መርል በስድስት ሰዓት መጣ፤ አንድ ደቂቃ አላሳለፈም። አጋዘኑ የትዋይላ ፒክአፕ ላይ ተጭኗል። መርል የራሱን መኪና የኋላ በር ከፍቶ፣ ከውስጥ ያለውን የውሻ ሣጥን እያስተካከለ ቲሊን ተመለከታት።

"ይቺ ናት? ደህና ነች። ላንቃዋ ሮዝ ነው ይላሉ፤ ለዶሮ ምን ላንቃ ያስፈልጋል!"

"መርል" አለ ሄርሼል። "ቃሌን ሰጥቼህ ነበር። ላጥፈው ነው።"

መርል ሣጥኑን ተወው። የሄርሼልን ቃል ሲታጠፍ አይቶ አያውቅም። "ምነው? ይሄን ያገኘችው እሷ ናት እንዴ?"

"እሷ ናት።"

"ታዲያ ሦስቱን ጊዜ ምን ሆና ነው?"

ሄርሼል "ልጅ ስለነበረች ነው" ማለት ይችል ነበር። "አሁን ገና ገባት" ማለትም ይችል ነበር። መርል ከዚህ ተነስቶ ቀጥታ ነዳጅ ማደያው እንደሚሄድ፣ የሰማውን ድስቱ ዙሪያ ላሉት እስከ ማታ አድሶ እንደሚያወራ ሄርሼል ያውቃል።

"እየጎተትኳት ስለነበረ ነው" አለ።

"አንተ?"

"ሦስቱንም ጊዜ።"

"ይሄን ልንገራቸው?"

"ብትነግራቸው ይሻላል። እኔ ብነግራቸው አሳንሼ ነው የምነግራቸው።"

መርል ሳቀና ሣጥኑን ዘጋ። ሄርሼል ቲሊን መኪናው ውስጥ ከኋላ ሳይሆን ከፊት ወንበር ላይ፣ ዲክን ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ አስቀመጣት። ገመዱን ጠቅልሎ እግሩ ሥር አኖረው። ቋጠሮው የነበረበት ቦታ አሁንም እንደተጠማዘዘ ነው። መሪው ላይ ሁለት ጊዜ በጣቱ መታ፤ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

"ግሬዲ፣ ሄርሼል ነኝ። ያለፈው ቅዳሜ፣ ኩሬው ጋ... አዎ። ሥጋው ይሄኔ የለም፤ ቀንዱ ግን ይኖራል። ከኩሬው በስተግራ ነው። እየመጣሁ ነው።"

ከወዲያ በኩል ግሬዲ አንድ ነገር ጠየቀ።

"አይ፣ ማንም አልነገረኝም" አለ ሄርሼል። ቲሊን አያት። "እሷ ያኔውኑ ነግራኝ ነበር።"

ሞተሩን አስነሳ።