አዳራሹ የሚያንጎራጉራት ኖታ

ሰው ሁሉ ዘፋኙን ያያል፤ ጥቂቱ ጊታሩን ይሰማል፤ ቤዝ ተጫዋቹን ግን እስኪያቆም ድረስ ማንም አያስተውለውም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከእርሱ በስተግራ፣ ከበሮዎቼ መካከል ተቀምጬ ስለ ኖርሁ ይህን ለጨዋታ ማሳመሪያ አልናገረውም። የአየር መኖር የሚታወቀው ሲያጥር ነው።

ቡድናችን የሚጫወተው ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚሉትን ነበር፤ አንዱ ሥራ ሃያ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅበት፣ ምቱ አንዴ በአምስት አንዴ በሰባት የሚቆጠርበት፣ ያልለመደው ሰው ሰዓቱን የሚያይበት ሙዚቃ። የመጨረሻው ረጅም ሥራችን በሰባት ይሄድ ነበር። ሰባት ለሰው እግር የተሠራ ቁጥር አይደለም፤ ሁለት እግር ላለው ፍጡር አንዲት ምት ሁልጊዜ ሜዳ ላይ ትቀራለች። ቧንቧ የምንለው ቤዝ ተጫዋቻችን ግን ከሰባቱ ሥር አንድ መስመር ይዘረጋ ነበር። ስድስተኛው ላይ ጥቂት ይጎትታል፣ ደረጃ የሚወጣ ሽማግሌ እንደሚያርፈው ለአፍታ ያርፋል፣ ከዚያ በሙሉ ክብደቱ የቀጣዩ ዙር መጀመሪያ ምት፣ አንዱ ላይ ይወርዳል። እኔ በእግሬ ከበሮ እዚያው እጠብቀዋለሁ። በጣቱና በእግሬ መካከል ፀጉር አይገባም ነበር። እኛ ስንገናኝ አንድም ሰው ሳይቆጥር አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ በሰባት ይረግጣል። ጥበባችን ይህ ነበር፤ ጥፋታችንም ይኸው ሊሆን ጥቂት ቀረው።

ቧንቧ የእኅቴ ባል ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት የቀን ሥራው ነበር፦ ለከተማው ውሃ ክፍል ተቀጥሮ ከአስፋልት በታች የሚያፈስሰውን መስመር በጆሮው ይፈልጋል። ቀጭን የብረት ዘንግ መሬት ላይ ያቆማል፣ ጫፉን ከጆሮው ጋር ያገጥማል፣ በሌላ እጁ መዳፉን ወደ መንገደኛው ይዘረጋል። የመዳፉ ትርጉም "አትርገጡ" ነው። እኅቴ ምሳ ልታደርስለት ስትሄድ ያን መዳፍ ካየች ባለችበት ትደርቃለች፤ ከዚያ ጫማዋን አውልቃ በጣቷ ጫፍ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ጎረቤት ይህን እያነሣ ብዙ ስቆባታል።

"ጤነኛ ቧንቧ አያወራም፤ የሚያወራው የታመመው ነው" ይል ነበር ቧንቧ።

ለልምምድና ለመጨረሻው ትርኢት ሦስት ሳምንት የተከራየነው አዳራሽ የድሮ ሲኒማ ቤት ነበር። ከኋለኞቹ ወንበሮች በላይ በእንጨት የተሠራ ሰፊ ሰገነት እንደ ታችኛ ከንፈር ወደ ፊት ወጥቶ ይታያል። በመጀመሪያው ቀን ሌሎቻችን ገመድ ስንዘረጋ ቧንቧ ብቻውን ቆሞ በቤዙ ወፍራም ክር ላይ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ ይወርድ ጀመር። አንዷ ላይ ሲደርስ ክሩን በመዳፉ አፈነው። ድምፁ ግን አልቆመም፤ ከሰገነቱ ሥር እንደ ማጉረምረም ያለ ነገር ቀጥሎ ቀስ ብሎ ሞተ።

"ይቺ ናት" አለኝ።

"ማን ናት?"

"አዳራሹ የሚያንጎራጉራት። እያንዳንዱ ቤት አንዲት አለችው። እኔ አቆምሁ፤ እርሱ ግን ገና ነው።"

በቤዙ አንገት ላይ፣ በዚያችው ፍሬት፣ ድምፁን በግማሽ ደረጃ በምትለየው የብረት መስመር ጎን፣ ቁራጭ ነጭ ፕላስተር ለጠፈባት።

በሁለተኛው ሳምንት ፕላስተሩ አንድ ፍሬት ዝቅ ብሎ አየሁት። ክርህ ረግቦ ይሆናል አልሁት፤ ቅኝቱን በፊቴ አሳየኝ፤ እንከን አልነበረውም። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ፕላስተሩ ሌላ አንድ ፍሬት ወረደ።

"ክር ሲላላ ድምፁ ይወርዳል አይደል?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እንጨትም እንዲያው ነው። ይህን ባልኮኒ ጠፍንጎ የያዘ አንድ ነገር እየለቀቀ ነው፣ ወንድሜ።"

በማግስቱ የብረት ዘንጉን ይዞ መጣና ከሰገነቱ በታች ያለውን ምሰሶ ያዳምጥ ጀመር። የአዳራሹ ጠባቂ፣ ቁልፋቸው ከወገባቸው የማይለይ አዛውንት፣ መወልወያቸውን ተደግፈው ተመለከቱት።

"ታሟል እንዴ ምሰሶው? ትኩሳቱ ስንት ነው?"

"እየሰማሁት ነው፣ አባባ።"

"ልጄ፣ ይህ አዳራሽ አንተ ሳትወለድ ቆሞ ነበር፤ ገና አንተንም ይቀብራል።"

"እኔም የፈራሁት እሱኑ ነው፣ አባባ።"

አዛውንቱ ሳቁ፤ ግን ሳቃቸው መሀል ላይ ተቋረጠ፣ ቀና ብለውም ጣሪያውን አዩ።

የሕንፃው ባለቤት መሐንዲስ አስመጣ። መሐንዲሱ በቅርቡ የተቀባውን ግድግዳ በጣቱ አንኳኳ፣ ከሰገነቱ ላይ ሁለት ጊዜ ዘለለ፣ ፈረመ፣ ሄደ። የሥራዎቹ ሁሉ ደራሲና ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው፣ እኛም "አለቃ" የምንለው ሰው ያን ወረቀት እንደ ጋሻ ይዞት ዋለ። ትርኢቱ በቀጥታ ሊቀረጽ ነበር፤ ዐሥራ አንድ ዓመት የጠበቀው ቀን ነው።

"አንዲት ኖታ ግማሽ ደረጃ ወረደች ብለህ እድሜዬን በሙሉ ልሰርዘው?"

"ግማሽ አይደለም" አለ ቧንቧ።

"ምን?"

"ሁለት ፍሬት ነው። ሁለት ግማሽ።"

"የሰማያት ያለህ! ወይ ቧንቧህን ጠግን ወይ ሙዚቃህን ተጫወት!"

"እጫወታለሁ። ግን ባልኮኒው ላይ ሰው አይውጣ። ማልልኝ።"

"አንድ ነፍስ አይወጣበትም። በቃ? ጤና ይስጥህ።"

ወደ ቤት ስንሄድ ለምን እምቢ እንዳላለ ጠየቅሁት። "እኔ ብቀር ሌላ ቤዝ ያመጣል" አለኝ፤ "ያኛው ደግሞ አይሰማም።" ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእርሱ ጆሮ ግን ከባለቤቱ ጋር ቤተኛ ነበር፤ እንዲያውም እንቅልፍ የነሣው ቤተኛነቱ ነው።

ትርኢቱ እሑድ ከቀትር በኋላ ነበር። ስንጀምር ሰገነቱ ባዶ ነው፤ በደረጃው አፍ ሰንሰለት ተዘርግቷል። ሁለተኛውን ሥራ ስንጨርስ በውጭ የቀረው ሕዝብ በሩን ይገፋ ጀመር፤ የሕንፃው ባለቤት ወደ መድረኩ ተጠግቶ በአለቃ ጆሮ አንድ ነገር አለ። አለቃ እኛን አላየንም። ራሱን ነቀነቀና ዐይኑን በኪቦርዱ ላይ ተከለ። ሰንሰለቱ ወደቀ፤ ሰገነቱ በጥቂት ደቂቃ ሞላ። ከሰገነቱ ፊተኛ ረድፍ፣ ከሆስፒታል ተረኛነቷ በቀጥታ የመጣችው እኅቴ፣ ልጇን ከጭኗ ላይ አስቀምጣ እጇን ታውለበልብልን ነበር።

አለቃ ፋታ አልሰጠንም፤ ረጅሙን ሥራ ጀመረ። እጅ ከልማድ አይወጣምና እኛም ገባንበት። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያን ቀን አሳምረን ተጫውተን አናውቅም። ቧንቧ ስድስተኛው ላይ ሲጎትት ሕዝቡ ትንፋሹን ይይዛል፤ አንዱ ላይ ስንወርድ ከሰገነቱ ብቻ የሦስት መቶ ሰው እግር ከእኛ ጋር ይወርዳል። ይህን ደስታ ያልቀመሰ ሰው አያውቀውም። በስምንተኛው ደቂቃ ላይ ግን ከእግሬ በታች ከእኛ ያልሆነ ነገር ተሰማኝ፤ ከእያንዳንዱ ረገጣ በኋላ ዘግይቶ የሚመጣ፣ ወፍራም፣ ሰነፍ ምላሽ።

ቧንቧ መጫወቱን ሳያቆም ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ይሰማሃል? እየመለሰልን ነው።"

"እናቁም! ውረዱ በላቸው!"

"ሦስት መቶ ሰው በዚያች ጠባብ ደረጃ ሊሮጥ? ባልኮኒውን የሚጥለው ሩጫው ነው።"

"ታዲያ ምን እናድርግ?"

"እናበላሸው። ይሰልቹ። አንድ በአንድ፣ እየሰደቡን ይውጡ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለሙዚቀኛ ማስረዳት ይከብዳል። ቧንቧ ያን መስመር፣ ሰባቱን ለሰው እግር የሚያበቃውን ድልድይ፣ ከሥር መዝዞ አወጣው። እርሱ በአምስት ሄደ፤ እኔ በዐሥራ አንድ ሄድሁ፤ አንዱ ላይ ላለመገናኘት፣ ድሮ ለመገናኘት የደከምነውን ያህል ደከምን። ረገጣው ተደናበረ። ግማሹ ቀደመ፣ ግማሹ ዘገየ፣ መጨረሻ ላይ እንደ በረዶ ዝናብ ተበታትኖ ቆመ። ፉጨት ተነሣ።

"ቤታችሁ ሄዳችሁ ተለማመዱ!"

"ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር!" ሲል አንዱ ከላይ ጮኸብኝ፤ ዙሪያው ያሉት ሳቁ። ተረቱን እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም፤ የሳቁት ሰዎች ኮታቸውን እያነሡ ነበርና።

አለቃ በኪቦርዱ ላይ ሆኖ ያየን ነበር። ቁጣ ቢሆን በቻልሁት፤ ዐይኑ ላይ የነበረው የተካደ ሰው መደንገጥ ነው። ዘፋኙና ጊታሩ ግራ ገብቷቸው ሲያቆሙ ለብቻው በሰባት እየተጫወተ፣ ሥር እንደሌለው ዛፍ ቆሞ ቀረ።

ሰገነቱ ረድፍ በረድፍ እየሳሳ ሄደ። ሰው ሲሰለች አይሮጥም፤ እያዛጋ፣ እያወራ፣ ጎረቤቱን እያስቀደመ ይወርዳል። ያልተነሣችው እኅቴ ብቻ ናት፤ ከእርሷም ጋር በእርሷ የተበረታቱ ሃያ ያህል ሰዎች። ሙዚቃውን ከእኛ እኩል ታውቀዋለች። የጠፋን መስሏት፣ ልትመልሰን ብላ፣ በሰባት ታጨበጭብና ትረግጥ ጀመር። ሃያዎቹም ተከተሏት። የሚወደን ሰው ሊያድነን እየሞከረ፣ ከእግሩ በታች ያለውን ያላላ ነበር።

ቧንቧ እጁን ከክሩ ላይ አነሣ። እኔም ዱላዎቼን አየር ላይ አቆምሁ፤ አለቃም ተስፋ ቆርጦ እጁን ሰበሰበ። ቧንቧ ቀኝ መዳፉን ወደ ሰገነቱ ዘረጋ።

እኅቴ ባለችበት ደረቀች። በዚያች ዝምታ ውስጥ፣ ማንም ምንም ባልነካበት፣ አንዲት ዝቅተኛ ድምፅ አዳራሹን ሞልታ ቆየች። ከዚያ እኅቴ ጎንበስ ብላ ነጭ የሥራ ጫማዋን አወለቀች፣ ልጇን በብብቷ ያዘች፣ ግድግዳውን ተጠግታ በጣቷ ጫፍ ወደ ደረጃው ሄደች። ሃያዎቹ ትርኢቱ ያለቀ መስሏቸው እየተንጠራሩ ተነሡ።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ጠባቂው አዛውንት ወደ ላይ ወጡ። ብዙ ቆዩ። ሲጠሩን ሄድን፤ ሰገነቱ ከግድግዳው ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ተንበርክከው ነበር። ከወገባቸው ትልቁን የብረት ቁልፍ ፈትተው በመጋጠሚያው ስንጥቅ ውስጥ ከተቱት፤ ቁልፉ እስከ እጀታው ገባ።

"ጠዋት ወለሉን ስጠርግ" አሉ፣ "ወረቀት አይገባበትም ነበር።"

አለቃ ያን ስንጥቅ ሊያይ አልወደደም። "መሐንዲሱ ፈርሟል" አለ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት በዚያች ቃል ተዘጋ። የሕንፃው ባለቤት ስንጥቁን በጄሶ አስደፈነው፣ በላዩ ቀለም አስቀባ፤ አዛውንቱም ሥራቸውን ለቅቀው ሄዱ። ቧንቧ ለከተማው ሁለት ማመልከቻ ጻፈ፤ "እየታየ ነው" የሚል መልስ አገኘ።

ከወር በኋላ ቅጂው በፖስታ መጣ፤ በላዩ የአለቃ የእጅ ጽሑፍ ነበር፦ "ሁሉን ባበላሻችሁበት መሐል፣ ዝም ባልንበት ቦታ ላይ፣ ይህችን ኖታ ተጫወት ያለህ ማን ነው?" በእኅቴ ቤት ሳሎን ቁጭ ብለን ሰማነው። ፉጨቱ፣ ስድቡ፣ የእኅቴ ጭብጨባ፤ ከዚያ ዝምታ፤ ከዚያ ያች ድምፅ። ቧንቧ መዳፉን ወደ ሰገነቱ ዘርግቶ የነበረባት ቅጽበት ናት።

ቤዙን ከጥግ አነሣና በጣቱ ከፕላስተሩ ጀምሮ ወደ ታች ፈለጋት። አንድ ፍሬት፤ አልሆነችም። ሁለት፤ አልሆነችም። ሦስተኛው ላይ ድምፆቹ ገጠሙ። እኅቴ ከማጀት በር ላይ ቆማ ታየን ነበር።

ፕላስተሩን አላዘዋወረውም። ቤዙን መልሶ አስቀመጠና ከበሩ ኋላ የብረት ዘንጉን አነሣ።

"ወዴት ነው?" አለችው።

"ዛሬ ቅዳሜ ነው። በዚያ አዳራሽ ስምንት ሰዓት ላይ ትርኢት አለ፤ በአራት ምት የሚጫወቱ ልጆች ናቸው፤ አራት ደግሞ ለሰው እግር የተሠራ ነው።"

እኅቴ ነጠላ ጫማዋን ተጫማች። እኔም ተነሣሁ። ሦስታችን በአዳራሹ በር ላይ ስንደርስ ሰልፉ እስከ መንገዱ ማዶ ተዘርግቶ ነበር። ቧንቧ ዘንጉን ከግንቡ ጋር አገጠመ፣ ጆሮውን ደገነ፣ መዳፉን ወደ ሰልፈኞቹ ዘረጋ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ሳቁ፤ ከፊት ያለው ትኬቱን አሳይቶ ገባ።